የሱሉልታው የቀጋ አጥር

የሺዬ፣

አንቺን ከቀበርን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ዛሬ ጠዋት ጉሙ ከእንጦጦ ጀርባ ወርዶ አስፋልቱን ሸፍኖት ነበር፤ መኪኖቹ መብራት አብርተው ሲያልፉ ድምፃቸው እንጂ መልካቸው አይታይም። አሁን ተገፎ ሜዳው ወለል ብሏል። ሹራብ ትሠሪበት በነበረው፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። የሚመች ሌላ ወንበር ነበር፤ ግን አጥሩ በሙሉ የሚታየው ከዚህ ነው። የምነግርሽም የአጥሩን ነገር ስለሆነ እዚህ መቀመጥ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የሴቶቹን ማረፊያ ቤት ወሬ። ሁላችንም ደህና ነን። አስካለ በአንቺ ቦታ ኃላፊ ሆናለች። ታውቂያት የለ? ቁጣዋ ቀድሞ ይደርሳል፤ ደግነቷ ኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። ሴቶቹ አንቺን እያነሱ ፊት ለፊቷ "እቴቴ ትሻለን ነበር" ይሏታል። እሷም "እኔንም እቴቴ ትሻለኝ ነበር" ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሴቶቹ የሚሠሩት የትምህርት ቤቱ ሹራብ ቀለም ተቀይሮ ቡናማ ሆኗል። ብታዪው "ጭቃ ለብሰው ጭቃ ውስጥ ሲጫወቱ ማን ሊለያቸው ነው?" እንደምትዪ አውቃለሁ። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። ፈረሶች ይጋልቡበት ከነበረው ሜዳ ግማሹ መጋዘን ሆኗል። ጎረቤታችን ኦቦ ደገፋ ዓይናቸው ደክሟል፤ አሁን የሚለዩኝ በሳሌ ነው። በአጥሩ በኩል ሳልፍ "ጋዜጠኛው! አካም ጅርታ?" ይሉኛል። ደህና ነኝ ስላቸው "ውሸታም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

የሬዲዮው ዜና ሲጀምር "ድምፁን ቀንስ፣ የተኛ ሕፃን አለ" የምትዪኝ ነገር አልለቀቀኝም። ዛሬም የዜናው ሙዚቃ ሲሰማ እጄ ሄዶ ይቀንሰዋል። ከዚያ ቀንስ ያለኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ይለኛል። መልሼ ግን አልጨምረውም።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበዋል፤ ስለዚህ የምታውቂውን ነገር ደግሜ ብነግርሽ አትታዘቢኝ።

በክሊኒኩ ጤና ረዳት ሆነሽ ወደ ሱሉልታ ስትመደቢ እኔ ከአዲስ አበባ ላለመውጣት ብዙ ተሟግቼ ነበር። "ጋዜጣህ በታክሲ ይደረስበታል፤ እነዚህ ሴቶች ግን በታክሲ አይደረስባቸውም" ብለሽ ረታሽኝ። እነዚህ ሴቶች ያልሻቸው ከወለዱ በኋላ ከክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጠው የሚቀሩትን ነበር። አረገዘች ተብላ የተባረረች የቤት ሠራተኛ አለች። ዱላ ሸሽታ ልጅ አዝላ የመጣች አለች። ከዓረብ አገር ባዶ እጇን ተመልሳ ወላጆቿ ፊት መቅረብ ያፈረች አለች። "ወዴት ነው የምትሄጂው?" ብለሽ ስትጠይቂ ብዙዎቹ ወደ አንድ ቤት ይጠቁሙሽ ነበር፤ ወደ አዴ በዳቱ ቤት።

አዴ በዳቱ የኦቦ ደገፋ እናት ነበሩ። ገበሬ ናቸው፤ ማኅተምም ታፔላም አልነበራቸውም። ከበረታቸው አጠገብ አንዲት ጎጆ ነበረቻቸው። ለመጣች ሴት ጎጆዋን ይከፍቱላታል፤ እስክታገግም ድረስ "ማን ነሽ? ምን ሆነሽ ነው?" ብለው አይጠይቁም። ሲደክሙ ጎጆዋን ከነመሬቷ ላንቺ አስረከቡሽ። "አንቺ ጽሕፈት ታውቂያለሽ፤ ከቢሮ የሚመጡትን አንቺ ታናግሪያቸዋለሽ" አሉሽ። ይህ ቤት እንዲህ ነው የተጀመረው። ሰው መሥራቿ ሲልሽ የምትቆጪው ለዚህ ነበር።

ቀጋውም የእሳቸው ነው። አንዲት ሴት ሥራ አግኝታ ወይም ከዘመድ ታርቃ ከቤቱ ስትወጣ፣ ከአጥሩ ቀጋ አንድ ዘንግ ቆርጣ በገዛ እጇ ትተክላለች። በበጋ ከወጣች ደግሞ ዘንጉ ስለማይዝላት ሐምሌ ላይ ተመልሳ መትከል አለባት። ደንቡ ይኸው ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ የአጥር ማደሻ ዘዴ ይመስለኝ ነበር። ምስጢሩን የነገርሽኝ ከብዙ ክረምት በኋላ ነው። "በስልክ ስጠይቃት 'ደህና ነኝ እቴቴ' ትለኛለች። ሁሉም እንዲያ ነው የሚሉት። ተመልሳ መጥታ ለመትከል ስታጎነብስ ግን ጀርባዋን አያለሁ፣ ክንዷን አያለሁ። ያኔ ነው መልሱን የማገኘው።" ከዚያ በኋላ ሐምሌ ሲመጣ እኔም ከመስኮቱ ሆኜ አንቺን ማየት ጀመርኩ። ሴቶቹ አፈሩን ያያሉ፣ አንቺ ሴቶቹን ታያለሽ፣ እኔ አንቺን አይሻለሁ።

ስለ እንዲህ ያሉ ቤቶች ታሪክ ለጋዜጣው ልጽፍ በየከተማው የዞርኩበት ዓመት ትዝ ይልሽ እንደሆነ እንጃ። ሰበታ ሄጄ አንዲት አሮጊት መነኩሴ አነጋገርኩ። ቤት የሚባል ነገር ሳይከፈት በፊት ወገን የሌላት ሴት በገዳም ዙሪያ ጎጆ ቀልሳ፣ ውሃ እየቀዳች፣ ከማዕድ የተረፈውን እየበላች ትኖር እንደነበር ነገሩኝ። ቡራዩ ላይ አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ የእድር ሴቶች በየተራ ከግቢያቸው አንድ ክፍል ይለቁ እንደነበር አጫወቱኝ። ከዚያ በኋላ የመጡት ባለ ታፔላዎቹ ቤቶች ናቸው፤ የረጂው ስም ከላይ በትልቁ፣ "የተቸገሩ ሴቶች ማረፊያ" ከሥር በትንሹ። ሁሉንም አጣርቼ፣ ማን መቼ እንደከፈተው ለይቼ ጻፍኩ። መነጽርሽን አድርገሽ እስከ መጨረሻው አነበብሽልኝና "ጥሩ ነው። የከፈቱትን ጽፈሃል። የገቡትስ?" አልሽኝ።

"የገቡትን ማን ይነግረኛል? ስማቸው እንኳ የለም" አልኩሽ።

እጄን ይዘሽ ወደ አጥሩ ወሰድሽኝ። "ይህቺ አረብ አገር ጣቷ የተቃጠለባት ናት። ይህቺ መንታ ወልዳ አንዱ የሞተባት። ይህቺ አሁን ሰበታ ሻይ ቤት ያላት ናት፤ ስትተክል ዘፍና ነበር።" ከበሩ እስከ በረቱ እንዲህ እያልሽ ሄድሽ። ሁሉም ነጭ አበባ ያለው ቀጋ ነው፤ ለእኔ አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር።

ከዚያ የዘነበች ነገር መጣ። ዘነበች ባሏን ሸሽታ ከወዲያ ማዶ የመጣች፣ ሳቂታ፣ ክር ስታጠነጥን ራሷን የምትነቀንቅ ልጅ ነበረች። በአንድ የገበያ ቀን አንቺ ክሊኒክ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ገበያ ሳሉ፣ ባሏ በመንገዱ በኩል ያለውን ቀጋ በዱላ ጥሶ ገባ። በፀጉሯ ይዞ በዚያው ቀዳዳ ጎተታት። ጎረቤት ደርሶ አስጣላት፤ ነገር ግን ፊቷም ክንዷም በእሾሁ ተተልትሎ ነበር። ፊትሽን አጥቁረሽ ቁስሏን ሰፋሽላት። በማግስቱ "ቀጋ አጥር አይደለም፤ አታለልኳቸው" አልሽኝ።

በዚያው ሰሞን ነው ከታች ሜዳው ላይ የተተከለው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ የተረፈ ቆርቆሮ አለኝ፣ ለበጎ ሥራ ልስጣችሁ ያለው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ወፍራም፣ አዲስ ቆርቆሮ። በመንገዱ በኩል ያለው ቀጋ ተመንጥሮ ቆርቆሮው ተተከለ። ሴቶቹ ያን ሳምንት እፎይ ብለው ሰነበቱ። አንቺም እንደዚያው።

ግን ጊዜው ሌላ ነበር። ማስተር ፕላን የሚባለው ነገር በየሰው አፍ ገብቷል። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ ሱሉልታም ቡራዩም ሰበታም ሊጠቃለሉ ነው ይባላል። እዚህ ላለው ገበሬ ደግሞ ፕላን ማለት ወረቀት አልነበረም፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነበር። ትናንት ከብት ያሰማራበት ሜዳ ዛሬ በሰማያዊ ቆርቆሮ ታጥሮ ካየ አለቀ፤ መሬቱ ሄዷል። ያ ድርጅት ያጠረው የግጦሽ ሜዳ የኦቦ ደገፋ ነበር። እናታቸው በሰጡት መሬት ላይ ያንኑ ቆርቆሮ ሲያዩ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? "አዴ የሺም ሸጠች" ተባለ። ሌላ ሰው ቢለው ትስቂ ነበር። ኦቦ ደገፋ ግን በበሩ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። ሰላምታ ከልክለውሽ አያውቁም ነበር። ያን ቀን ምሳሽን ሳትበዪ ዋልሽ። ላስረዳቸው ብለሽ ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ነበር፤ "የሉም" አስባሉሽ። ሳላቸውን ከውስጥ ሰምተሽ ነው የተመለስሽው።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ወጥቼ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ስላገኘሁት ተመለስኩ። ረፋዱ ላይ ወጣቶቹ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው በጫንጮ በኩል መጡ። ከታች የድርጅቱን አጥር ሲገነጥሉት የቆርቆሮው ጩኸት እኛ ዘንድ ይሰማ ነበር። ቀጥለው ሽቅብ ወደ እኛ ዞሩ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ሹራብ ክፍሉ ገብተዋል። አስካለ በሩን የምትደግፍበት አልጋ ትጎትታለች። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ነበር፤ የሥራ ልማድ ነው። አንቺ ነጠላሽን አደግድገሽ "እሱን ኪስህ ክተትና መዶሻውን አምጣልኝ" አልሽኝ። ለምን እንደፈለግሽው አልገባኝም፤ ግን አመጣሁ።

በሩን ወለል አድርገሽ ከፈትሽው። ከፊት የነበረው ረጅሙ ልጅ "ማዘር፣ ይሄ ግቢ የማነው?" አለሽ።

"የአያትህ" አልሽው በኦሮምኛ። ከኋላው ያሉት ሳቁ።

"አያቴን የት ታውቂያታለሽ?"

"የአንተን አላውቅም። አዴ በዳቱን ግን አውቃለሁ፤ መሬቱ የእሳቸው ነው። ከውስጥ ያሉት ደግሞ የእናንተው እህቶችና እናቶች ናቸው።"

"ታዲያ የድርጅቱ ቆርቆሮ እዚህ ምን ይሠራል?"

"እኔም ይህንኑ ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምኩት። እንካ መዶሻ። ኑ፣ አብረን እንንቀለው። ምስማሩን ግን አንድም ሳይቀር ልቀሙልኝ፤ እዚህ ልጆች በባዶ እግራቸው ነው የሚሮጡት።"

"ማዘር፣ እኛ እኮ ተቃውሞ ላይ ነን! ምስማር ልቀሙ ትይናለሽ?"

"ተቃዋሚ ምስማር አይለቅምም ያለህ ማነው?"

አሁንም ሳቁ፤ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ግን አንቺው ነሽ የነቀልሽው። ከዚያ እነሱ ጨረሱት። አንዱ ጎንበስ ብሎ ምስማር ሲለቅም የለበሰውን ሹራብ አይተሽ "ክርኑ ተቀዷል፤ ስትመለስ አምጣው፣ ይሰፋልሃል" አልሽው። ልጁ አፈረ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስናገር የሚያምነኝ የለም፤ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ምስማሩን በቆርቆሮ ጣሳ ሰብስበው እጅሽ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አንቺም በሩን ዘግተሽ ስታበቂ እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብለሽ ተቀመጥሽ። ስለ ድፍረትሽ የሚያወሩ ሰዎች ያቺን ደቂቃ አላዩም። እኔ አይቻታለሁ፤ የምትናፍቀኝም የሺ ያቺ ናት።

በመንገዱ በኩል አጥር የሚባል ነገር አልቀረም። በማግስቱ ክፍቱ ቦታ ላይ ወንበር አውጥተሽ ሹራብሽን ይዘሽ ተቀመጥሽ፤ አጥሩ አንቺ ሆንሽ። በዚያ ሳምንት የኦቦ ደገፋ ልጅ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ታሰረ። አዘንሽ፤ ግን ቤታቸው መሄድ ፈራሽ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሳቸው መጡ። በሬዎቻቸው የአጋም እሾህ ይጎትታሉ። እሾሁን እያነባበሩ ክፍቱን ዘጉት። ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው "አዴ የሺ፣ እናቴ ይህን ብታይ ሁለታችንንም ትገርፈን ነበር" አሉሽ።

"መጀመሪያ አንቱን ነበር የሚገርፉት" አልሻቸው።

ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። ያ ልጅ ከወራት በኋላ ተፈታ፤ ያኔ ግን የት እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። ወንበሩን ለቀሽላቸው አንቺ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሽ። እስኪመሽ ድረስ ስለ ምን እንዳወራችሁ አልነገርሽኝም፤ እኔም አልጠየቅኩሽም።

ሐምሌ ሲገባ ጭንቀትሽ ሌላ ሆነ። ቀጋው ተመንጥሯል፣ የእሾሁ ክምር ደርቆ ሊረግፍ ነው፣ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። የወጡት ሴቶች ይመጣሉ? በየጠዋቱ በሩ ላይ ትቆሚ ነበር። መጡ። ከቡራዩ የመጣችው እንጦጦ ላይ መኪና አጥታ በእግሯ ወረደች። የሰበታዋ ባለ ሻይ ቤት ከዓለም ገና ጀምሮ መኪና በቆመ ቁጥር እየወረደች፣ ሌላ እየፈለገች ደረሰች። በሌላ ዓመት የተከሉትም ጭምር "የእኔ ተቆርጧል አሉ" እያሉ ተመልሰው መጡ። በመጨረሻ ሰበታ ሥራ የገባችው ዘነበች መጣች። ባሏ እሷን ጎትቶ ያወጣበትን ቦታ ራሷ መርጣ እዚያው ላይ ተከለች። ስታጎነብስ ክንዷን አየሽ፤ ጠባሳው ድኗል፣ አዲስ ነገር የለበትም። ዞረሽ በመስኮቱ በኩል ወደ እኔ ተመለከትሽ። ያን አስተያየትሽን እስክሞት አልረሳውም።

በጥር አንቺ ሄድሽ። ሕመምሽን እዚህ አልጽፈውም፤ አብረን አሳልፈነዋል፣ ይበቃል።

ከአንቺ በኋላ በመጣው ሐምሌ እኔ ማንንም አልጠበቅኩም ነበር። ደንቡ በአንቺ ዓይን የቆመ መስሎኝ ነበር። ግን መጡ። ዘነበች በሩ አጠገብ፣ አንቺ ትቆሚበት በነበረው ቦታ፣ "ይህ የእቴቴ ይሁን" ብላ ዘንግ ቆረጠች። ኦቦ ደገፋ በከዘራቸው ከለከሏት። "የሚተክለው የሄደ ሰው ነው። የሺ መቼ ሄደች? ተዉት።" ዘነበች ዘንጉን አስቀመጠች። ቦታው ክፍት ቀረ። እውነቴን ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። በጋውን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያቺን ክፍት ቦታ ሳይ ከረምኩ። ነፋስ ሲገባባት፣ ጥጃዋ አንገቷን ስታስገባባት፣ የሆነ ሰው ሊመጣባት ያለ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን አስካለ መጥታ ፊቴ ቆመች። "ጋሼ፣ ትናንት አንድ ሰውዬ በዚያች ቀዳዳ አንገቱን አስገብቶ ግቢውን ሲያይ ነበር። አዲሷ ልጅ አልጋ ሥር ገብታ ነው የዋለችው። የእርስዎ ናፍቆት ሰው ሊያስገባብን ነው" አለችኝ። ከፍቶኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሲቆይ ግን አንቺ ዘነበችን ስትሰፊ የነበረው ፊትሽ መጣብኝ። ያን ቆርቆሮ የተቀበልሽው እኮ እንዲህ ያለች ቀዳዳ እንዳትኖር ነው። እኔ ግን በስምሽ ቀዳዳ ከፍቼ ተቀምጫለሁ።

በዚህ ሐምሌ አዴ በዳቱ ከተከሉት ከአሮጌው ቀጋ አንድ ዘንግ ቆረጥኩ። ኦቦ ደገፋን ቀድሜ ጠየቅኳቸው። በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና "እንግዲያው ሄዳለች ማለት ነው" አሉ። "አዎ ኦቦ ደገፋ፣ ሄዳለች" አልኳቸው። ይህን ቃል በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ ከበውኝ ቆሙ፤ ቆፈርኩ፣ ተከልኩ፣ አፈሩን ረገጥኩ። ዘነበች ጠጋ ብላ አየችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ጋሼ! እቴቴን በራሷ ተከሏት እኮ!" ዘንጉን ገልብጬው ኖሯል፤ ሥር ማውጣት ያለበት ጫፍ ሰማይ ያያል። የሚያለቅሱት ሳቁ፤ የሚስቁት አለቀሱ። ነቅዬ እንደገና ተከልኩ። ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ጀርባዬን የሚያይ ሰው እንዳለ ተሰማኝ። እንዴት ነህ ብለሽ ብትጠይቂኝ ደህና ነኝ እልሽ ነበር፤ አንቺ ግን ከጎነበስኩበት ሁኔታ ታውቂው ነበር።

ይዟል፣ የሺዬ። ዛሬ ጉሙ ሲገፈፍ ሄጄ አየሁት። ጫፉ ላይ ቀላ ያሉ ትናንሽ ቅጠሎች አውጥቷል።

የገቡትስ ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። በየሐምሌው አጥሩን ከበሩ እስከ በረቱ እሄድበታለሁ፤ ለአዳዲሶቹም ይህቺ እንዲህ ናት እያልኩ እነግራለሁ፤ የረሳሁትን ኦቦ ደገፋ ያስታውሱኛል። የአንቺ ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ከጎንሽ ትንሽ ስስ ቦታ አለች፤ የእኔ እንድትሆን ለአስካለ አሳየኋት። "አሁን ደግሞ ይህን ያምጡ!" ብላ ተቆጣችኝ።

ልክ ናት፤ አሁን አይደለም። በጋው እየመጣ ነው፤ አንቺን ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ።

ያንቺው።